ያጠበ አይናገርም

«የእኔ ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ!» አሉ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሚስት። የጽዱን ቀኝ እጅ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ሳሙት። ከንፈራቸው እርጥብ ነበር። ጽዱ እጇን ቶሎ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተችና እዚያው ጨርቁ ላይ ጠረገችው። «እኔ ስሞት ልጆቼ ገላዬን ሊያጥቡ ቀርቶ በር ላይ ቆመው አፍንጫቸውን ነው የሚይዙት። አንቺ ግን አያትሽን በገዛ እጅሽ አጥበሽ ሸኘሽ። ብትኮሪ ያምርብሻል።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ጽዱ። ሌላ ምን ትበል?

ውሸት ነው። ጽዱ አያቷን አላጠበችም። ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዷ እሷ ራሷ፣ ሌላዋ ደግሞ ከውጭ በር አጠገብ ደረጃው ላይ የተቀመጠችው መንገድ ጠራጊ።

ጽዱ የወጣላት ስም ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ንጽሕና ስለምታበዛ። ሥራዋም እሱው ሆነ። በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የታጠበውን አንሶላ መብራት ፊት ዘርግታ የቀረ እድፍ ትፈልጋለች፤ ካገኘች ጠርዙ ላይ ቀይ ክር ሰፍታ ትመልሰዋለች። ዓይኗ ይህን ስለለመደ ሰው ላይም ያርፋል። ልቅሶው ከጀመረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ሦስቱንም ቀን ስታይ የዋለችው እድፍ ብቻ ነው። እንግዶቹ ብስኩት እያላመጡ ያለቅሳሉ። የተዋጠው ተውጦ ያልተዋጠው ጉንጯ ላይ ይቀራል፤ ይስሟታላ! ሳሎኑ ላብና ሽቶ አንድ ላይ የፈላበት ድስት ሆኗል። ትልቋ አክስቷ በሩ በተንኳኳ ቁጥር «እናቴን! እናቴን!» ትላለች፣ እንግዳው ተቀምጦ ሻይ ሲያዝ ደግሞ ዝም ብላ ጥፍሯን ታያለች። አጎቷ ይባስ። በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ ሰዓቱን እያየ የሚሄደው ሰውዬ ዛሬ መሐል ሳሎን ቆሞ «የድሆች እናት ነበረች! ቤታችን ለድሃ ተዘግቶ አያውቅም!» ይላል። ዓይኑን በጨው ታጥቦ! ቤታችን ይበል እንጂ፣ እሱ የመጣ ዕለት ድሃ በጓሮ በር ነበር የሚሸሸው።

እውነት ነው፣ የአያቷ በር ተዘግቶ አያውቅም። እንዲያውም አንድ ጊዜ በሩ ራሱ አልነበረም። ቤቱ ለተቃጠለበት አንድ ሰው የኩሽናውን በር ነቅለው ሰጡና ዝናቡን በመጋረጃ አሳለፉት። ጽዱ እናቷ ሞታባት እሳቸው ዘንድ ያደገች ናትና በብርድ እየተንቀጠቀጠች «እማማ፣ በር እኮ ነው!» ብትላቸው፣ «ለእኛ ግድግዳው አለልን አይደል?» ብለው ሳቁባት። ብርድ ልብሳቸው፣ ጫማቸው፣ አልጋቸው ሳይቀር እንዲሁ ሄደ። የቀራቸው አንድ የጋብቻ ቀለበት ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን፣ ለጽዱ ማለት ነው፣ የሚሰጡት ጉልበት ነበር። አያቷ ዘመድ የሌለውን ሬሳ ያጥቡ ነበር። መንገድ ላይ የወደቀ፣ በሽታው ያስፈራ፣ ልጆቹ የተጸየፉት፣ ለሁሉም የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ጎህ ሲቀድ ተንበርክከው ያጠቧቸውን ሁሉ በየስማቸው እየጠሩ ይጸልያሉ፤ ስሙን ላላወቁት «አንተ የምታውቀው፣ ያ ረጅሙ» ይላሉ። ስላጠቡት ገላ ግን ቃል ተንፍሰው አያውቁም። አንድ ቀን ጎረቤት ሊያወጣጣቸው «ያ ሰውዬ ቁስሉ የት ላይ ነበር?» ቢላቸው፣ «ያጠበ አይናገርም» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ጽዱ አሥራ ሁለት ዓመቷ ሳለ አያቷ ሬሳ አጥበው ሲመለሱ ዳቦ ቆርሰው ሰጧት። እጃቸውን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥበዋል፣ አይታለች። ግን አልቻለችም። «በዚያ እጅ?» አለች፤ ዳቦውን ገፋችው። አያቷ አልተቆጡም። ቢላዋውን አነሱና እጀታውን ወደ እሷ አዙረው «እንግዲያው አንቺው ቁረሺ፣ የእኔ ጽዱ» አሏት። ከዚያ ወዲያ እስኪሞቱ ድረስ ለእሷ ዳቦ ቆርሰው አያውቁም። ይኼ ነው አንጀቷን የሚበላት።

የሞቱ ዕለት ጠዋት እሳቸውን የማጠብ ተራ ደረሰ። አክስቷ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ «እኔስ ልቤ አይችልም» አለች። አጎቷ «የሴት ነገር ነው» ብሎ ተገላገለ። ሁሉም ጽዱን አየ። ባልዲውንና ፎጣውን ይዛ ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ብርድ ልብሱን ገለጠች። ሽታው ፊቷን መታት። ያሳደጓት እማማ ናቸው፤ ሆዷ ግን ይህን አላወቀላትም። ጥግ ላይ ተጎንብሳ አስታወከች። እጅጌዋ፣ ወለሉ፣ ሁሉም ተበላሸ።

ያን ጊዜ ከመኝታ ቤቱ ወደ ጓሮ የሚያወጣው በር ተከፍቶ ጠራጊዋ ገባች። የዛሬ ስድስት ዓመት አያቷ የእሷን ትንሽ ልጅ ሬሳ አጥበውላታል፤ ሰፈሩ በሽታው ይጋባል ብሎ ሲሸሽ እሳቸው ናቸው የገቡት። ከዚያ በኋላ በተጠሩበት ሁሉ ውሃ ተሸክማ ትከተላቸው ነበር። «ዞር በይ ልጄ፣ እኔ አለሁ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ጽዱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እስኪያልቅ ድረስ የውሃ ድምፅ ሰማች፣ ሴትዮዋ «ቀኝ እጅዎን ላነሳ ነው፣ ይቅርታ፣ ቀዘቀዘዎት?» ስትል ሰማች፤ አንድ ጊዜም አልዞረችም። መጨረሻ ላይ ጠራጊዋ ባልዲውን ይዛ በጓሮ ወጣች። ጽዱ ትውከቷን ካጠበች በኋላ በፊት በር ስትወጣ እጅጌዋ እስከ ክንዷ እርጥብ ነበር። ውጭ የነበሩት ሴቶች ይህን አይተው እልል ማለት ነው የቀራቸው። እጇን ሳሙ። እሷም ምስጋና ማን ይመልሳል ብላ ዝም አለች።

ሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አክስቷ ኩሽና ውስጥ ያዘቻት።

«ቀለበቱ የታለ?»

«የቱ?»

«የእናቴ ነዋ! መሳቢያውን ፈተሽኩ፣ ፍራሹን ፈተሽኩ፣ የለም። ለልጄ ሠርግ ያሰብኩት እሱን ነው። ስታጥቢያት ጣቷ ላይ ነበር?»

ጽዱ የአያቷን ጣት አላየችም፤ ያየችው ግድግዳ ነው። «ነበር» ብትል ለምን አላወለቅሽውም ልትባል ነው፤ «አላየሁም» ብትል ደግሞ፣ አጥበሽ እንዴት አላየሽም?

«አልነበረም» አለች።

«በቃ! ያቺ ናታ! ያን ቀን በጓሮ ባልዲ ይዛ ስትሹለከለክ አይተዋታል። እኔ ታዲያ ባልዲ ለመስረቅ መስሎኝ ነበር!»

ጽዱ አፏን ከመክፈቷ በፊት አክስቷ ሳሎኑን አቋርጣ በር ላይ ደረሰች። አጎቷ ተከተላት፤ እንግዳውም የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ተከተለ፤ ወሬ ማን ይጠላል? ጠራጊዋ ሦስት ቀን ሙሉ እዚያው ደረጃ ላይ ነበረች። ግቢ ያላት የለም።

«አንቺ፣ የሬሳ ቀለበት አይከብድሽም?» ጮኸች አክስቷ። «በዚያ ቆሻሻ እጅሽ ነው የእናቴ መኝታ ቤት የገባሽው?»

«እኔ የወሰድኩት የለም።»

«ታዲያ ምን ልትሠሪ ገባሽ?»

ሴትዮዋ አንዴ ጽዱን አየቻት። ከዚያ መሬት አየች። ዝም አለች። አጎቷ ስልኩን አወጣና «ፖሊስ ፊት ትናገራለች» አለ።

ጽዱ ዝምታው ገባት። ሴትዮዋ ልታመልጥ አይደለም፤ አያቷ ያስተማሯትን እየጠበቀች ነው። ያጠበ አይናገርም። በዚህች ሴት ላይ ቀይ ክር የሚሰፋባት ማነው? ጽዱ ከብስኩቱና ከላቡ፣ ከአክስቷም የውሸት ለቅሶ ይልቅ የገዛ እጇ አቅለሸለሻት። ንጹሕ እጇ! ሰው ሁሉ የሳመው!

«ያጠበቻቸው እሷ ናት» አለች።

«ምን?»

«እማማን ያጠበቻቸው እሷ ናት። እኔ ተጸይፌ አስታወክሁ። እጅጌዬ የራሰው ትውከቴን ሳጥብ ነው። ግድግዳ እያየሁ ነው የቆምኩት። ጣታቸውን አላየሁም፤ አልነበረም ያልኩትም ውሸት ነው።»

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሚስት መሐረብ አወጡና ከንፈራቸውን ሁለት ጊዜ ጠረጉ።

«ዝም በይ!» አለ አጎቷ ጥርሱን ነክሶ። «ሰው እየሰማሽ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም!»

«ሦስት ቀን ዝም ብዬ ነበር ጋሼ። ዝንቡ ሞላኝ።»

«እናቴን... ቆሻሻ ስታፍስ በምትውልበት እጅ...» አክስቷ ደረቷን ያዘች፤ የዛሬው እንኳን የምር ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ግን የጀመረችው ትዝ አላትና ወደ ጠራጊዋ ዞረች። «ታዲያ ቀለበቱስ?»

ሴትዮዋ ተነሣች። «ይቅር ይበሉኝ፣ ልናገር ነው» አለች፤ ለአክስቷ አልነበረም የተናገረችው። «ጣታቸው አብጦ ነበር። በሳሙና ሞከርኩ፣ በዘይት ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። በጉልበት ካልሆነ አይወጣም። እሳቸውን በጉልበት? አብሯቸው ሄዷል። ከዚህ በላይ ቃል የለኝም።»

አክስቷ ይህን ጊዜ እውነተኛ እንባ አነባች፤ ለቀለበቱ። አጎቷ እንግዳውን «ሐዘን ነው፣ ልጅቷ ደክሟታል፣ ግቡ፣ ግቡ» እያለ ወደ ሳሎን ነዳው። በሩ ተዘጋ። ከውስጥ ወዲያው ሹክሹክታው ተነሣ።

ጽዱ ደረጃው ላይ ከሴትዮዋ አጠገብ ተቀመጠች። ሴትዮዋ አቧራና ላብ ትሸታለች። ጽዱም ሸተታት፤ አልተነሣችም።

«ፊታቸው እንዴት ነበር?» አለቻት።

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች።

«ፀጉራቸውስ? አበጥረሽላቸዋል?»

«አይነገርም ልጄ። አንቺም ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።» ጽዱ ጥቁር ሻሿን ፈታች። አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ ጀርባዋን ሰጥታት ተቀመጠች። «አትንገሪኝ። እንዳደረግሽላቸው አድርጊልኝ።»

ሴትዮዋ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ገልብጣ አየችውና ደግማ ጠረገችው። ሦስተኛ ልትጠርግ ስትል ጽዱ ወደ ኋላ ተንጠራርታ እጇን ያዘቻት፤ ስባም አናቷ ላይ አስቀመጠችው።