በቅል የተወጣ ዳሸን

የዘለለቻት የገዛ ልጅ ልጇ ናት። ሐዳሳ የእናቶች ጸሎት ኅብረትን አሥራ አንድ ሴቶች አንድ በአንድ ስልኳ ላይ መዝግባ፣ ተዋበች ጋ ስትደርስ ፈገግ አለችና «እርስዎ በጸሎት ያግዙን አያቴ» አለቻት።

«ለምን? እግሬን ማን ቆረጠው?»

«ዳሸን እኮ ነው የምንወጣው። እዚሁ ሐዋሳ እንራመዳለን፤ ስልኩ እርምጃችንን እየቆጠረ እያንዳንዳችንን ካርታው ላይ ከደባርቅ አስነስቶ ተራራው ላይ ያወጣናል። አርባ ቀን ሙሉ ነው። ጉልበትዎ ደግሞ…»

ጎረቤቷ ሮማን ሳቀች። «ተያት ልጄ። እሷ ከአልጋ ወርዳ ወንበር ላይ ከተቀመጠች ያው ዳሸን ወጣች ማለት ነው።»

ተዋበች ሠላሳ ዓመት ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ የሸጠች፣ ሳፋ በአናቷ ተሸክማ ሰፈር ለሰፈር የዞረች ሴት ናት። ፊደል አልቆጠረችም፤ ንቀትን ግን ከሩቅ ታነባለች።

«መዝግቢኝ» አለች። «ከሮማን በላይ አድርጊኝ።»

የመጀመሪያውን ሳምንት በእውነት ሄደች። ሐዳሳ የሰጠቻትን አሮጌ ስልክ መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣ ጠዋት ጠዋት እስከ ሐይቁ ወርዳ ትመለሳለች። ጉልበቷ እንደ በርበሬ ለበለባት። እንዲያም ሆኖ የመጨረሻዋ እሷ ነበረች፤ ከደባርቅ ፈቅ አላለችም። በስምንተኛው ቀን መውጣት አቅቷት እግሯን ዘርግታ ተቀመጠችና ለቅቤ የተጠራቀመውን እርጎ በቅል ስትንጥ ዋለች።

ማታ ሐዳሳ ስልኩን አይታ ዓይኗን ማመን አቃታት። «ስድስት ሺህ እርምጃ! የት ሄደው ነው አያቴ?»

ተዋበች መቀነቷን ዳበሰች። ገባት። ቅሉ ወዲህ ወዲያ ባለ ቁጥር ወገቧ አብሮ ሲወዛወዝ ስልኩ ተራመደች ብሎ ቆጥሮላታል።

«ዞር ዞር ስል ነዋ» አለች።

ያኔ እውነቱን ብትናገር ሳቅ ሆኖ ያልፍ ነበር። አልተናገረችም። በማግስቱም ናጠች። እርጎው ሲያልቅ በሯን ዘግታ ቅሉን ውሃ ሞላችው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው ይላል ሰው፤ የእሷ ውሃ ግን ተራራ ያስወጣ ነበር። ስድሳ ስምንት ዓመት የሞላት ሴት እስከ እኩለ ቀን ውሃ ስትንጥ፣ ከደጅ ኮቴ በሰማች ቁጥር ቅሉን ቀሚሷ ስር ትደብቃለች።

ወር ሳይሞላ ሁሉንም ቀደመች። እሑድ በጉባኤው ፊት ለምስክርነት ሲጠሯት እምቢ የምትልበት አፍ አጣች። ቆመችና «ጌታ ጉልበቴን አደሰልኝ» አለች። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ተዋበች ወለሉን እያየች ተቀመጠች።

በቀጣዩ ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን፣ ሮማን ኮብልስቶን ላይ ወድቃ ጉልበቷ ማበጡ ተሰማ። ተዋበች የዓሣ ሾርባ ይዛ ሄደች። ሮማን እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ተኝታለች።

«ምን አባሽ አጣደፈሽ?» አለቻት ተዋበች።

«አንቺ ነሻ። አንቺን ያስነሳ ጌታ እኔን ይንቃል ወይ ብዬ በቀን ሁለቴ እስከ ጉዱማሌ መናፈሻ ደርሼ መመለስ ያዝኩ። ሐኪሙማ እረፊ ብሎኝ ነበር። እምነት አንሶኝ ነው ብዬ የጉልበቴን ክኒን ሁሉ ተውኩት።» ከዚያ የተዋበችን እጅ ሳበች። «ይቅር በይኝ ደግሞ። ስልኳን ለጎረምሳ እያስያዘች ታስሮጣለች ብዬ አምቼሻለሁ። ይኸው እግዜር ቀጣኝ።»

የአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጅ ሁሉ የሚፈራው የተዋበች ምላስ ያን ቀን ታሰረ። ንገሪያት፣ አሁን ንገሪያት ይላታል ልቧ። እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

«ሾርባው ይቀዘቅዛል» ብቻ ብላ ወጣች።

ቤት ገብታ ለሐዳሳ ሁሉንም ነገረቻት፤ ቅሉንም፣ ውሃውንም። ሐዳሳ መጀመሪያ ሳቀች፤ የአያቷን ፊት ስታይ አቆመች።

«ጨዋታ እኮ ነው አያቴ። የቀረው ሦስት ቀን ነው። ስልኩ ተበላሽቶ ነው እንበልና ይለፍ።»

«ሮማን ክኒኗን ትታለች። ይሄም ጨዋታ ነው?»

ሐዳሳ ስልኳን አነሳች።

«ያን ሴቶቹ ሁሉ የሚያነቡትን የቴሌግራም ግሩፕ ክፈቺ።»

ሐዳሳ ከፍታ፣ የምትጽፈውን ለአያቷ እያሰማች «‹እማማ ተዋበች በስህተት…›» አለች።

ተዋበች እጇን ያዘቻት። «በስህተት አላልኩሽም። ፊደል አታውቅም ብለሽ አታለዝቢብኝ። እንዲህ በይ፤ ተዋበች አንዲት ዳገት አልወጣችም፣ በሯን ዘግታ ውሃ ስትንጥ ነበር፣ ጌታ ፊት ቆማም ዋሽታለች። ሮማን ክኒንሽን ዋጪ ብለሽ ጨምሪ። ከዚያ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ፤ አንድ ቃል ብታጎድዪ አውቃለሁ።»