ኮት የለበሰ ድምፅ

ሬዲዮ ጣቢያው አዲስ ሥራ አስኪያጅ ሲሾምለት፣ ሰውየው ከነአለባበስ ደንቡ ነው የመጣው። ቀድሞ ባንክ ነበር የሚሠራው። ባንክ ውስጥ ሰው ሲታይ ይውላል፤ ሬዲዮ ውስጥ ሲሰማ ይውላል። ይህን ልዩነት የሚያስረዳው ሰው አልጠፋም ነበር፤ ግን ሊያስረዱት የሚመጡት ሁሉ ሸሚዛቸው ከሱሪያቸው ስለሚያመልጥ አይሰማቸውም።

ደንቡ መግቢያው በር ላይ ተለጠፈ። ወንድ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ። ሴት ኮት፣ ከጉልበት በታች የሚወርድ ጉርድ፣ ሽፍን ጫማ። ክንድ አይታይም፣ የእግር ጣትም አይታይም። ይህን ያላሟላ ስቱዲዮ አይገባም።

ደንቡ ሌላውን ሠራተኛ ቆነጠጠው፤ ተራኪዋን ግን ነከሳት። ተራኪዋ ከሰዓት በኋላ ልብ ወለድ የምታነበው ሴት ናት። ሃምሳን ተሻግራለች። ድምፅዋን የማያውቅ የለም፤ ፊቷን የሚያውቅ የለም። ለማንበብ ሰፊ የጥጥ ቀሚስና ባዶ እግር ያስፈልጋታል። ጫማዋን በር ላይ ጥላ፣ ምንጣፉን በእግር ጣቶቿ ቆንጠጥ አድርጋ ስትቀመጥ ነው ድምፅዋ ከሆዷ የሚወጣው። ደግሞም በእጇ ነው የምታነበው፤ ባለታሪኩ በር ሲከፍት እጇ ይከፍታል፣ ባለታሪኩ ሲቆጣ እጇ አየር ላይ ተሰቅሎ ይቀራል።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች።

«ጌታዬ፣ እኔን ማን ያየኛል?»

«እኔ አይዎታለሁ።»

«እስቲ ዓይንዎን ይጨፍኑ። አድማጭ እንደዚያ ነው።»

አልጨፈነም። «ድምፅም ልብስ ይለብሳል፣ እመቤቴ። የለበሰ ሰው በድምፁ ያስታውቃል። ካልተመቸዎት ግን አይጨነቁ፤ የቀረውን ትረካ ዜና አንባቢያችን ያነብልዎታል።»

ክው አለች። ዜና አንባቢውን ባልደረቦቹ «ከረባት» ነው የሚሉት። ጥሩ ልጅ ነው፤ ክፋት የለበትም። ብቻ ፍቅርንም ሞትንም ሲሚንቶ የጨመረ ይመስል ነው የሚያነበው። መጽሐፉ ደግሞ ሊያልቅ ነው። ባሏ ከሞተባት ወዲህ ጥቁሯን እንደለበሰች ከቤቷ ወጥታ የማታውቅ ሴት ታሪክ ነው፤ መጨረሻው ላይ በሯን ከፍታ ትወጣለች። ተራኪዋ ያቺን ሴት ክረምቱን ሙሉ ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን ጓዳ ስታመላልሳት የከረመችው ለዚያች ለአንዲት በር ስትል ነው። አሁን በሩን ከረባት ይክፈተው?

ጥርሷን ነክሳ ኮት ገዛች።

የመጀመሪያው ቀን ገና ሁለት ገጽ ሳታነብ፣ ከመስታወቱ ወዲያ የሚቀመጠው የድምፅ ባለሙያ ፊቱን አጨማደደ። ቅጽል ስሙ «ጆሮ» ነው። ዘፈን ሲገባ ማይክሮፎኑን ዘግቶ በጆሮ ማዳመጫዋ አናገራት።

«እትዬ፣ ኮትሽ እያወራ ነው።»

«ምን ይላል?»

«አልገባኝም፤ ብቻ አያቋርጥም። እጅሽን በወረወርሽ ቁጥር ገበሩ ይንሾካሾካል።»

«እጄን ላስቀምጠው?»

«እስቲ አስቀምጪው።»

እጇን ጭኗ ላይ ጭና አነበበች። ጆሮ ጥቂት ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «ተይው እትዬ፣ አንሺው። ኮቱ ይሻላል። አሁን እኮ ከረባትን ሆንሽ።»

ማታ እናቷ ደወለች። ሰማንያን ያለፈች፣ ትረካ አምልጧት የማያውቅ፣ አመስግናም የማታውቅ እናት ናት።

«ስሚ፣ ዛሬ ምን ለብሰሽ ነው?»

«ኮት።»

«አንቺ?»

«አዎ እማዬ፤ ከነጉርዱ፣ ከነሽፍን ጫማው።»

«ልጅነትሽን ሙሉ፣ ልጄ እንደ ሰው ልበሺ እያልኩ ስለምንሽ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለሽ፣ ዛሬ ታሪኬን ላዳምጥ ስቀመጥ ትለብሻለሽ? አውልቂው። አይጥ የገባ መስሎኝ ጓዳውን ስፈትሽ የባሏን ቀብር ስታስታውስ አመለጠኝ።»

ሌላው አድማጭ ግን አይጥ አልጠረጠረም። አድማጭ የጠረጠረው ሰው ነው። ጥቁር የለበሰችው ሴት ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን ናት ይላል መጽሐፉ፤ ታዲያ እዚያ የሚንኮሻኮሸው ማነው? ስልኩ ይጮህ ጀመር። አንዲት ሴት፣ «ጎረቤቷ ነው፤ ያ ዝምተኛው። ድሮም አላማረኝም ነበር» አለች። አንድ ጡረተኛ መርማሪ ደውሎ አልጋው ሥር እንዲታይ አሳሰበ። ሚስቱ ከኋላ፣ «ምን አገባህ፣ ተዋት፤ ደስ ይበላት» ስትል ትሰማለች።

ሥራ አስኪያጁ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ጣቢያው እንዲህ ተደውሎለት አያውቅም። ተራኪዋን ኮሪደር ላይ አስቆማት።

«አላልኩዎትም? ልብሱ ሠራ።»

«ጌታዬ፣ የሚሰሙት ገበሩን ነው። ክፍሉ ውስጥ ከሴትየዋ ሌላ ማንም የለም።»

«ይኑራ። ምን ቸገረን?»

«የመጨረሻው ቀን እኮ ትወጣለች። ብቻዋን ካልወጣች መውጣቷ ምኑ ላይ ነው? ሰው ጎትቶ ያወጣት ይመስላል።»

«ኮቱን እንዳያወልቁ» አለና አለፈ።

የመጨረሻው ቀን ሥራ አስኪያጁ ራሱ መጣ፤ መስታወቱ ጀርባ ከጆሮ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከረባትም ምናልባት ካስፈለገ ብሎ በሩ ላይ ቆመ። ትረካው በቀጥታ ነው የሚተላለፈው፤ ቀይ መብራቱ አንዴ ከበራ የስቱዲዮውን በር የሚነካ የለም። ማራገቢያው ድምፅ እንዳያሰማ ጠፋ። ቀይ መብራቱ በራ።

ተራኪዋ አነበበች። ኮቱም የበኩሉን አነበበ። ሴትየዋ ሳሎኑን ስታቋርጥ አብሯት አቋረጠ፤ መጋረጃውን ስትገልጥ አብሯት ገለጠ። ተራኪዋ ቆሽቷ አረረ፤ አድማጩ ሁሉ አሁን ጎረቤቱን እየጠበቀ እንደሆነ ታውቃለች። መጨረሻው ገጽ ላይ ደረሰች። ደራሲው ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር።

«በሩ ፊት ቆመች። ብዙ ቆመች።»

ተራኪዋ እዚህ ላይ አቆመች። ገጹ ላይ የቀሩት ሁለት ቃላት ናቸው። ማይክሮፎኑን አየችው። ከዚያ የኮቷን የላይኛውን ቁልፍ ፈታች።

ቁልፉ ጣቷ ሥር ቀጭ አለ። ሁለተኛውን ፈታች። አልቸኮለችም፤ እንዲያውም ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አለች። አንዱን እጅጌ ስትስበው ገበሩ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ሁለተኛው ተከተለ። ኮቱ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። እጅጌ በሌለው ሸሚዝ፣ ሁለት ክንዷ እስከ ትከሻው ወጣ።

ሥራ አስኪያጁ ተነስቶ መስታወቱን ደበደበ። መስታወቱ ወፍራም ነው፤ አይሰማም። በእጁና በከንፈሩ «ልበሺ፣ ልበሺ» አላት፤ አንቱታውን ለመጀመሪያ ጊዜ ረሳው። ተራኪዋ እያየችው አንድ ጫማዋን አውልቃ ጣለች። ከዚያ ሌላውን። ወደ በሩ ሲሮጥ ጆሮ በጣቱ ቀዩን መብራት አሳየው፤ አሳይቶም ዝም አላለም፣ የራሱን ማዳመጫ አውልቆ ሰውየው ራስ ላይ ደፋለት።

ሥራ አስኪያጁ ሊያወልቀው እጁን አነሳ። እጁ እዚያው ቀረ።

ምንም አይሰማም። ክረምቱን ሙሉ በዚያች ቤት እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ ባዶ እግር ምንጣፍ ሲረግጥ ተሰማ።

«ከዚያ ወጣች» አለች ተራኪዋ፤ ድምፅዋ ከሆዷ ነበር።

ቀዩ መብራት ጠፋ፤ ስልኮቹ አንድ ላይ ጮሁ። ጆሮ አንዱን አንስቶ ሰማና፣ «ጥቁሩን አወለቀችው እያሉ ነው» አለ። «የሚያለቅስም አለ።»

ተራኪዋ ኮቱን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ፣ በባዶ እግሯ ወጣች። ሥራ አስኪያጁ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት፤ ማዳመጫው ፀጉሩን አቁሞት ነበር።

«ደንቡን ጥሰዋል።»

«ጥሻለሁ።»

«ማስጠንቀቂያ ይደርስዎታል። ቀጣዩን መጽሐፍም… እናየዋለን።»

«እሺ።»

ሊሄድ ዞረና አልሄደም። ግራ ቀኙን አየ፤ ከረባት ራቅ እስኪል ጠበቀ።

«ሴትየዋ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጥቁሩን ከጣለች በኋላ ምን ለብሳ ነው የወጣችው?»

«መጽሐፉ አይናገርም።»

«እንዴት አይናገርም? ሰው እንዴት እንዲሁ…»

«አላውቅም ጌታዬ።»

ሰውየው ጥቂት አሰበ። የሚያሳዝን ነገር ነበረው፤ ከልቡ ተጨንቋል። «ውጭው ሊበርዳት ይችላል» አለ። «ኮት ትደርብ ይሆን?»

ተራኪዋ ልትስቅ ነበር፤ ራርታለት ተወችው።

«ከፈለገች» አለችው።