የወንዙ መኝታ

ጠሂራ ቦዩን ስትቆፍር ሦስተኛ እሑዷ ነበር። ከእህል በረንዳ ወረድ ብሎ፣ ወንዙ ክረምት ሲሞላ ይተኛበት የነበረውን ሜዳ ጠጠር አውጪዎች ቦርቡረው ጉድጓድ አድርገውት ሄደዋል፤ በወንዙ በኩልም አፈር ቆልለውበታል። መኝታውን የተነጠቀው ውሃ በየክረምቱ ወደ እህል መጋዘኖቹ ይወጣ ጀመር። ቀበሌው፣ ቁልሉ በቦይ ተቆርጦ ውሃው ወደ ጉድጓዱ ይመለስ ሲል ወሰነ፤ ከየቤቱ አንድ ሰው ለዘመቻ ይውጣ ተባለ።

ክፋቱ፣ ጠሂራ የምትኖረው እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ከቡታጅራ መጥታ ጠጠር በጀርባዋ ስታወጣበት ከርማ፣ ሥራው ሲቆም ጎጆዋን እዚያው ቀለሰች። አሥራ አንድ ቤተሰብ ነበሩ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ዘውገ ከክረምት በፊት ምትክ ቤት እንደሚሰጣቸው ነግሯቸው ነበር። ሰኔ ተጋመሰ፤ የተሰጠ ቤት የለም። የጎረቤቷ የእትዬ በለጥሻቸው ልጅ፣ ፍስሐ፣ በስብሰባ ላይ ተነስቶ ይህንኑ ጠየቀ። በማግስቱ አብዮት ጠባቂዎች ወሰዱት።

ከዚያ ወዲያ የጠየቀ አልነበረም። ሰዉ ዕቃውን እየቋጠረ ወደየዘመዱ ተበተነ። ጠሂራም መሳለሚያ የአክስቷ ልጅ ቤት እንሂድ ብላ አሮጊቷን ለመነች።

«ፍስሐን ቢለቁት የት ብሎ ይፈልገኛል?» አሉ እትዬ በለጥሻቸው። «አንቺ ቆፍሪ፤ እምቢ ካልሽ አንቺንም ይወስዱሻል።»

ቆፈረች። በዚያ እሑድ ከላይ አገር ዘንቦ ወንዙ ደፍርሶ ወረደ። ሊቀመንበሩ የቀረችው ክንድ የማትሞላ አፈር ቶሎ እንድትቆረጥ አዘዘ። ጠሂራ ሰው ገና ውስጥ እንዳለ ነገረችው።

«ተነግሯቸዋል። ቁረጪ።»

አካፋዋን ጥላ ወደ ታች ወረደች። አሮጊቷን በግድ አዝላ ስትወጣ፣ እሳቸው ትከሻዋን በቡጢ ይደበድቡ ነበር። ሌሎቹ አፈሩን ቆረጡት። ውሃው ጩኸት እንኳ አልነበረውም፤ ዝም ብሎ ገብቶ ቁርጭምጭሚቷን፣ ቀጥሎ ጉልበቷን ያዘ። አፋፉ ላይ ደርሳ ዞር ስትል የጎጆዎቹ ክዳን ብቻ ይታያል።

ያን ዓመት እህሉ ዳነ።

ውሃው በገባ በሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ሁለቱ ሴቶች የተጠጉበት መሳለሚያ የአክስቷ ልጅ ቤት ድረስ መጥተው፣ አካፋ ጥላ የሄደችው ሴት የት እንዳለች ጠየቁ። እትዬ በለጥሻቸው በሩን በሰውነታቸው ሞልተው ቆሙና አላውቃትም አሉ። ጠሂራ በጓሮ ወጥታ የቡታጅራ ጭነት መኪና ላይ ተንጠለጠለች። ከዓመታት በኋላ ተመልሳ ስለ አሮጊቷ ብትጠይቅ፣ ሰዉ ሁሉ ወሬ ይቀይርባት ነበር።