የጠላቂው ጆሮና የእህቱ ጠያቂዎች

ሹጃኡ የደሴቲቱ አንጋፋ የባሕር ጠላቂዎች አስተማሪ ነው። ስለ ጆሮ መምከር ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። «ወደ ታች ስትጠልቁ አፍንጫችሁን ይዛችሁ በቀስታ ንፉ። ሳያማችሁ ጀምሩ፤ ካመማችሁ ግን ወደ ላይ መለስ በሉ፣ አትታገሉ። ጉንፋን የያዘው ጀልባ ላይ ይቀመጥ» ይላል።

ማንታ የሚባሉት ክንፋም ግዙፍ ዓሦች በሚመጡበት ወር ግን ጉንፋን የያዘው ራሱን ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬስ ቅር» አለችው ሚስቱ ዛሂና፣ የዓሣ መረቁን እያቀረበች። «ድምፅህ የጀልባ ሞተር መስሏል።»

«እኔ ተማሪ ነኝ እንዴ?» አለና አስነጠሰ።

እሱ ከቀረ ተማሪዎቹን ይዞ የሚጠልቀው ረዳቱ ኒሃድ ነው። ኒሃድ የማዶ ደሴት ሰው ነው፤ የሹጃኡን እህት ፋዝናን ለማግባት ሁለት ዓመት ሙሉ ሽማግሌ ልኳል። አባታቸው ስለሞተ ፈቃጁ ሹጃኡ ነው፤ እሱ ደግሞ «የማዶ ሰው ሲበላ እንጂ ሲሠራ አይታይም» እያለ ሽማግሌዎቹን በባዶ እጃቸው ይመልሳል።

እናም ቦታውን ለኒሃድ ላለመልቀቅ ወደ ባሕሩ ወረደ። ገና ከጀልባዋ ጥላ ሳይርቅ ሁለቱንም ጆሮዎቹን እንደ ሚስማር ወጋቸው። መመለስ ነበረበት፤ ግን ከኋላው ተማሪዎቹ፣ ከጎኑ ኒሃድ አሉ። አፍንጫውን ጨብጦ ባለ በሌለ ኃይሉ ነፋ። ውስጡ የሆነ ነገር ጧ አለና ዓለሙ ሁሉ ጸጥ አለ።

ሲወጣ መነጽሩ ውስጥ ደም ነበር። ኒሃድ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ።

«ደህና ነኝ» ብሎ ሹጃኡ ስላንባረቀ የጀልባው ሰው ሁሉ ደነገጠ።

መምህሩ ራሱ በጉንፋን ጠልቆ ደነቆረ ከሚባል ሞቱን መረጠ። ስለዚህ ያናገረውን ሁሉ ፈገግ እያለ፣ በአዎንታ ራሱን እየነቀነቀ ይሸኝ ጀመር። ከሰዓት በኋላ የኒሃድ አጎትና ሁለት ሽማግሌዎች መጥተው ደጁ ላይ ተቀመጡ። አጎትየው እጁን ዘርግቶ ሲናገር ለሹጃኡ ስላጠመደው ቱና ዓሣ የሚያወራ መሰለው።

«ትልቅ ነው። ደስ ይላል፤ ቶሎ ይምጣ» አለ።

ሽማግሌዎቹ ተነሥተው እየተፈራረቁ አቀፉት። ዛሂና በሻሿ አፏን ሸፍና ወደ ጓዳ ሮጠች።

በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያው የጎተተችው እሷ ናት። «ከሁለቱም የጆሮ ታምቡሮችህ ጀርባ ደም ቋጥሯል» ብሎ ሐኪሙ ጆሮው ላይ ጮኸበት። «እስኪድን መጥለቅ የለም። ጥጥ አትክተትበት፣ ዘይትም አታንጠብጥበት። ሥራህ ምንድን ነው?»

«ዓሣ አጥማጅ።»

«ኧረ የመጥለቅ መምህሬ ነው» አለች ነርሷ ከጀርባው።

ከቀናት በኋላ አንደኛው ጆሮው ሲከፈት መጀመሪያ የሰማው ስለ ሠርጉ ድግስ ነው።

«አፈርሰዋለሁ» አለ።

«እንዴት አድርገህ?» አለች ዛሂና። «አልሰማሁም ካልክ፣ ምን ነካህ ይሉሃል። በጉንፋን ጠልቄ ልትላቸው ነው?»

ሲያወጣ ሲያወርድ ውሎ፣ ሽማግሌዎቹ ከሚቀመጡበት ዛፍ ሥር ሄደ። በሰው ሁሉ ፊት እውነቱን ተናገረ።

«እኛማ አውቀናል» አለ አጎትየው። «ደህና ዋልክ ወይ ስንልህ፣ ሃያ ኪሎ ይሆናል አልከን።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?»

«በሚሰማው ጆሮህ ሁለት ዓመት ለምነን እምቢ አልክ። በማይሰማው እንሞክር ብለን ነው።»

ሳቁ እስከ ወደቡ ተሰማ። ሹጃኡ አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ገባና ፋዝናን ፊት ለፊቱ አስቀመጣት።

«ትፈልጊዋለሽ?»

ፋዝና ቀና ብላ አየችው። «ወንድምዓለም፣ ይህን ገና ዛሬ ጠየቅከኝ።» ወደ ደህናው ጆሮው ጠጋ ብላ፣ «እፈልገዋለሁ» አለችው። «ድገሚልኝ እንዳትለኝ ግን።»

«ሰምቻለሁ» አለና ተነሥቶ ወጣ።

ኒሃድን የአየር ሲሊንደር ሲሞላ አገኘው።

«ነገ ተማሪዎቼን ይዘህ ትወርዳለህ» አለው።

«እሺ አለቃ።» ኒሃድ ፈራ ተባ አለ። «ጋብቻውስ?»

«እሱንማ ፈቅጄ የለም እንዴ?»