ዐያንሌ ያልነካው ሚዛን

ዐያንሌን ከመጀመሪያውም አልወደውም ነበር። በእህል መጋዘናችን መኪና የሚመዝነው እሱ ነው፤ ኮምፒውተሩ ከሚዛኑ ጋር የሚነጋገርበትን ፕሮግራም፣ ድራይቨር የሚባለውን፣ የጻፍኩት ደግሞ እኔ። ባየኝ ቁጥር «ኢንጅነሩ መጣ!» እያለ ሾፌር ፊት ያላግጥብኛል። ስለዚህ ተከታትለው የገቡ መኪኖች አንድ ዓይነት ክብደት እየተመዘገበላቸው መሆኑ ሲደረስበትና ዐያንሌ ከሾፌሮች ጋር ተመሳጥሯል ሲባል፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።

ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሾፌሩ ሁሉ በተሰበሰበበት ጠየቁኝ። «ማሽኑ ሊሳሳት ይችላል?»

«አይችልም።»

«አቦ፣ መጀመሪያ ማሽንህን እየው!» አለ ዐያንሌ። «ወላሂ የሰው እህል አልነካሁም!»

«ማሽን አይሰርቅም» አልኩት። የዚያኑ ዕለት ቁልፍ አስረክቦ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን በእሱ ቦታ የተተካችው ዝናሽ ላይ ያው ነገር ደረሰ። ዝናሽ የወይዘሮ ጥሩወርቅ የእህት ልጅ ናት፤ ሌባ ናት የሚል አልተገኘም። አሁን ማሽኑ ይታይ ተባለ።

በመጀመሪያ የረገምኩት ኮምፓይለሩን ነው፤ እኔ የጻፍኩትን ኮድ ማሽኑ ወደሚገባው የሚቀይረውን። የኮምፓይለሩ ኮድ ለማንም ክፍት ነው፣ በነፃ ነው ያወረድኩት፣ በቅርቡም በአዲሱ ቀይሬዋለሁ። ወደ አሮጌው ስመልሰው ችግሩ ጠፋ። እፎይ አልኩ፤ የማላክክበት አገኘሁ።

ግን አላስቻለኝም፣ አዲሱ ያወጣውን መስመር በመስመር አነበብኩት። እኔ የጻፍኩት «ሚዛኑ ተረጋግቷል ወይ?» ብሎ ጠይቆ ከዚያ ክብደቱን እንዲያነብ ነው። ኮምፓይለሩ ቅደም ተከተሉን እንዳይነካ የሚከለክለውን ምልክት ግን አላደረግኩም። ኮምፓይለሩም ሥራ ለማፍጠን ንባቡን ከጥያቄው አስቀደመው። መኪኖች ሲከታተሉ የፊተኛው ክብደት ለኋለኛው ይጻፍለታል። አሮጌው ታግሶኝ ኖሯል እንጂ ጥፋቱ ከመጀመሪያውም የእኔ ነበር።

አዲሱን ስሞክረው እንዴት አመለጠኝ? የሞከርኩት ሰባት ሰዓት ላይ ነው፤ ድሬ በሙቀት ዘግታ የምትተኛበት ሰዓት። ግቢው ውስጥ የነበረው አንድ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ብቻ ነው። ያንኑ መኪና አሥር ጊዜ መዘንኩት፤ አሥር ጊዜም ያው ክብደት መጣ። ልክ ነው ብዬ ፈረምኩ። ደደብ!

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሰምተው ሲያበቁ «አስተካክለውና ዝም በል» አሉኝ።

አስተካከልኩት። ዝም ማለት ግን አቃተኝ፤ ቀፊራ ገበያ ጀርባ ወዳለው የዐያንሌ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ዴቃ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች። ዐያንሌ ከውስጥ ነበር፤ ድምፄን ሲሰማ አልወጣም።

«ባልሽ አልሰረቀም» አልኳት። «ስህተቱ የእኔ ነው።»

«እኛማ እናውቃለን» አለችኝ። «እኛ ነን እንዴ ሌባ ያልነው? ሰው ሰብስበህ አዋርደኸው፣ ለእኛ ጓዳ መጥተህ ታንሾካሹካለህ? ለማያውቁት ሂድና ንገር፣ አቦ!»

በሩን ዘጋችው።

ጠዋት መኪኖቹ ሚዛኑ ፊት ተሰልፈዋል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ በመስኮት እያዩኝ ነው። ከሥራ እንደምባረር አውቄያለሁ፤ ሾፌሮቹ መሃል ገባሁ።

«ዐያንሌ ሌባ አይደለም» አልኩ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ከኋላ ያሉት አልሰሙም።

«ጮክ በል!» አለኝ አንዱ። «ያን ቀን እንደዚህ ነበር የተናገርከው?»

ጮክ ብዬ ደገምኩት።