ከበሬ ተራ ወደ ፍየል ተራ

በጨፋ ሮቢት ገበያ ፍየል ተራን ከበሬ ተራ የሚለየው አንድ የደረቀ ቦይ ነው። እግሩ ረዘም ያለ ሰው በአንድ እርምጃ ያልፈዋል። ሰዒዳ ግን ቦዩን ለመሻገር ሰባት ዓመት ፈጀባት። ድፍረት አንሷት እንዳይመስላችሁ፤ ድፍረትማ ለጎረቤት የሚተርፍ ነበራት። የጎደላት ገንዘብ ነበር፤ እሱ እስኪሞላ መጠበቅም ታውቅበታለች።

ንግዱን የጀመረችው በዶሮ ነው። ከዶሮ ወደ ጠቦት፣ ከጠቦት ወደ ሙክት ስትወጣ አንድ ሕግ ነበራት፤ ካላት ገንዘብ ግማሹ፣ ምንም ቢመጣ፣ ከመቀነቷ አይፈታም። የገዛችው ከብት ቢሞት፣ ቢሰረቅ፣ ዋጋው ቢወድቅ፣ በሚቀጥለው ረቡዕ ገበያ የምትወጣበት አላት። አንድ ዓመት በሽታ ገብቶ ፍየሎቿን ሲጨርስባት ሳታቅማማ ወደ ዶሮ ወረደች። ሦስት ወር እንቁላልና ጫጩት ስትሸጥ ከረመችና እንደገና ወደ ፍየል ወጣች። ያኔ ማንም አልሳቀባትም። ዶሮ ያቀፈችን ሴት ማን ልብ ብሎ ያያል?

በ1994 ዓ.ም. አረፋ ሲቃረብ ገንዘቧ ለአራት በሬ በቃ። ሁለት ገዛችና ቦዩን ተሻገረች። የበሬ ተራው ትልቅ ደላላ አብዱልጀሊል ገና ሲያያት «ሰዒዳ ሬኤ መጣች!» ብሎ አሳቀባት፤ ሬኤ ማለት በኦሮምኛ ፍየል ነው። እሷም አብራ ሳቀች። ሁለቱ በሬዎች ለአረፋ ጥሩ አወጡ፤ ትርፉን አይታ ማታ ሁለት ጊዜ ቆጠረችው። ከዚያ ወዲህ አብዱልጀሊል ድምፁን ቀየረ።

«ኮቱ፣ ነይ እዚህ ቁጭ በይ» አላት በሚቀጥለው ረቡዕ፣ ትልልቆቹ ነጋዴዎች ጫት ከሚቅሙበት ዋርካ ሥር ቦታ እየለቀቀላት። «ሁለት በሬ ይዞ እዚህ መቀመጥ ነውር ነው። ያንቺ ቢጤ ነጋዴ አምስት ይገዛል። አሁን ዋጋው ረከስ ብሏል፤ ወላሂ እንዳያመልጥሽ!»

ገዛች። ትርፉን ከመነሻዋ ደምራ፣ በስድስት ሺህ ብር አምስት በሬ ገዛች። ያን ቀን በሰባት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ግማሽ ከመቀነቷ ተፈታ። ማንም አላስገደዳትም፤ ዋርካው ሥር መቀመጡ ጥሟት ነው። እኔም ብሆን ይጥመኝ ነበር።

ስህተቷን ልንገራችሁ። ሰዒዳ ስትነግድ የኖረችው ፍየል ነው። ፍየሏን የሚገዛት የከሚሴና የዙሪያው ሙስሊም ነው፤ ለሰርግ፣ ለሰደቃ፣ ለእንግዳ ያርዳል። ለንግዷ የምትቆጥረው ረመዳንንና አረፋን ብቻ ነበር። በሬ ግን በመኪና ተጭኖ የሚሄደው አዲስ አበባ ነው፤ የአዲስ አበባ ክርስቲያን ደግሞ ሁዳዴን ይጾማል። ጾሙን አታውቀውም ማለት አይደለም። ከሚሴ ያሉ ክርስቲያን ጎረቤቶቿ ሲጾሙ ታያለች፤ ሲፈቱም ቤታቸው ሄዳ ትጠይቃቸዋለች። ጾሙ ከበሬ ዋጋ ላይ እንደሚቀነስ ግን ፍየል አላስተማራትም።

መጋቢት በባተ በሁለተኛው ቀን ሁዳዴ ገባ። በዚያ ሳምንት ረቡዕ ከአዲስ አበባ አንድም የጭነት መኪና አልመጣም። አምስቱ በሬዎች ቆመው አገዳ ይበላሉ። የማሽላ አገዳ በበጋው መጨረሻ እንዴት እንደሚወደድ የጨፋ ሰው ያውቀዋል፤ እስከ ፋሲካ ደግሞ ገና ሃምሳ ቀን አለ።

አብዱልጀሊል ሁዳዴ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር ወይ? ሠላሳ ዓመት በሬ ያሻሻጠ ሰው እንዴት አያውቅም! አሁንም ፊቱ ላይ ትንሽ እፍረት ሳይታይ መጣና «አይዞሽ» አላት። «የመኖውን ወጪ እኔ እችላለሁ። ለፋሲካ ሲሸጡ ትርፉን እኩል እንካፈላለን። ካላዋጣ ግን ከአምስቱ ሁለቱን በሬ እኔ እወስዳለሁ። ብቻ ወደኋላ እንዳትመለሺ። ሰው እዚህ ደርሶ አይመለስም።»

«አስቤ ልንገርዎት፣ አያ» አለችው።

ያን ምሽት ባሏ ሙጂብ የደላላውን ሐሳብ ሲሰማ ፊቱ በራ። «በይ ተቀበዪ፤ ምን ያሳስባል?» አላት።

«ልሸጣቸው ነው። በተገኘው ዋጋ ሸጬ ወደ ፍየሌ እመለሳለሁ።»

«በኪሳራ?»

«በኪሳራ። ዛሬ ከሸጥኩ የምነግድበት ይቀረኛል። ሃምሳ ቀን ከቆየሁ ግን የምነግድበት ሳንቲም የለኝም፤ ካላዋጣም ሁለቱ በሬ አብዱልጀሊል እጅ ይገባል።»

«ሰው ምን ይላል? የሙጂብ ሚስት በሬ ተራ ገብታ ሁለት ወር አልቆየችም ሊሉ ነው እኮ! የሚስቁት አንቺ ላይ አይደለም፤ እኔ ላይ ነው።»

ሙጂብ ድሮ ከሚሴ መኪኖች በሚያድሩበት ግቢ ከሾፌሮች ጋር በገንዘብ ካርታ ይጫወት ነበር። በመጨረሻ ኪሱ ባዶ ሲሆን ተውበት አድርጎ ቁማሩን ተወ። አላህ ይቀበለው፤ ሰዒዳ ግን የትኛው እንደቀደመ አትረሳም።

«ሙጂብ» አለች። «በአምስት ብር ስትጫወቱ ማን ያሸንፍህ ነበር?»

«ምን አመጣው አሁን?»

«ንገረኝ እንጂ።»

«ማንም» አለ፣ ሳይወድ በግድ ትንሽ ኮራ ብሎ።

«ሃምሳ ብር የሚያስይዙት ጋ ተቀመጥክ፤ እነዚያ በለጡህ። ይሁን፤ ሰው ይበልጣል። ታዲያ ለምን ወደ አምስት ብሩ አልተመለስክም?»

«ሾፌሮቹ ይስቁብኝ ነበራ» አለ።

«ለካርታው ዕዳ በሬያችን ሲሸጥስ አልሳቁም? ጊደሯን ስትነዳ አልሳቁም? ያ ረቢ! እኔን ካርታው አይደለም ያደኸየኝ። መውረድ ማፈርህ ነው ያደኸየኝ!»

ይህን ያህል ዓመት አፍና የያዘችው ንግግር ነበር። ከአፏ ሲወጣ ደረቷ ቀለላት። ሙጂብ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ግድግዳው ዞረ።

በማግስቱ አምስቱንም አወጣቻቸው። ሦስቱን ለእርሻ የሚፈልጉ የሸለቆው ገበሬዎች ወሰዱላት፤ ሁለቱን የከሚሴ ልኳንዳ ነጋዴ እያላገጠ ገዛቸው። በጠቅላላው አራት ሺህ ሰባት መቶ ብር አወጡ። አንድ ሺህ ሦስት መቶ ብር አንድ ወር ሳይሞላ ጠፋ ማለት ነው፤ የአንድ ዓመት ልፋቷ ነው። አለቀሰች፤ አልደብቃችሁም። ቦርከና ወንዝ ወርዳ ብቻዋን አልቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ ተመለሰች። ከዚያም ግማሹን ብር መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ፣ በቀረው ሳምንቱን ሙሉ ቀበሌ ለቀበሌ እየዞረች አሥራ ስምንት ፍየል ሰበሰበች።

ረቡዕ ሲደርስ ሙጂብ ይለምናት ጀመር። «በወንዙ በኩል ዞረሽ ግቢ። ቀጥታ ፍየል ተራ ያወጣሻል፤ ማንም አያይሽም።»

«መንገዱ በበሬ ተራ ነው።»

«ሰዒዳ፣ ስለ አላህ!»

«እኔ አልሰረቅሁም፤ ለምን እዞራለሁ?»

አሥራ ስምንቱን ፍየል ነድታ፣ ገበያው በደመቀበት ሰዓት በበሬ ተራ መሐል ገባች። ፍየሎቹ በበሬዎቹ እግር ሥር እየተሹለከለኩ ገበያውን አመሱት። አንዱ ዋርካው ሥር ደርሶ የአብዱልጀሊልን ጫት አፈፍ አደረገው። የተቀመጡት ሁሉ በሳቅ ፈረሱ። ሙጂብ መቶ እርምጃ ያህል ወደኋላ ቀርቶ፣ እንደማያውቃት ሰው ሌላ ሌላውን እያየ ይከተላል።

«ሰዒዳ ሬኤ ተመለሰች!» አለ አብዱልጀሊል ጫቱን እየነጠቀ። «አላልኳችሁም? በሬ ተራ የሴት ቦታ አይደለም።»

ሰዒዳ ቆመች። «አያ አብዱልጀሊል፣ ሁዳዴን ስላስተማሩኝ አላህ ይስጥልኝ። ክፍያው አንድ ሺህ ሦስት መቶ ብር ነው፤ ከፍያለሁ።»

ሳቁ ወደ ደላላው ዞረ። እሱም ላለመሸነፍ «ታዲያ መቼ ትመለሻለሽ?» አለ።

«ለአራት በሬ የሚበቃ ብር ስይዝ። ያን ቀን ሁለት እገዛለሁ።» ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጨመረች። «አላዋጣኝ ካለም በዚሁ በመሐላችሁ ተመልሼ እወርዳለሁ። ያኔም ሳቁ።»

ቦዩን ተሻገረችና ፍየሎቿን ማሰር ጀመረች። ሙጂብ ከቦዩ ወዲያ ማዶ ቆሟል። አንዱ ሙክት አስቸገራት፤ ሁለት እጅ አልበቃትም። ቀና ብላ የገመዱን ጫፍ በቦዩ ላይ ዘረጋችለት። «ያዝልኝ» አለችው።

ሙጂብ ገመዱን አየ፤ ከዚያ ማን እንደሚያየው ለማወቅ ወደ ዋርካው ዞረ፣ ወደ መንገዱ ዞረ። ሁሉም እያየው ነበር። እሱ ገና ሰዉን አይቶ ሳይጨርስ አንድ የሐርቡ ሰው መጣና የሙክቱን ጀርባ ዳሰሰ። «ስንት ነው?» አለ።

ሰዒዳ ገመዱን ወደ ራሷ ስባ፣ እጇ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመችው።

«ሁለት መቶ» አለች።