ዝም ብሎ የሚዞረው ካሴት

ኑ፣ ገባ በሉ። ከዚህ ከአግዳሚው ጫፍ ጠጋ ብላችሁ አረፍ በሉ፤ ንፍሮም አለ፣ ዘገን አድርጉ። ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው መጀመሪያ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ወሬው ቀስ እያለ ራሱ ይመጣለታል። የየብርጓልም ወሬ እንዲሁ ቀስ ብሎ ይምጣላችሁ።

እማማ የሺአረግ ከሐሙሲት ሲደርሱ የብርጓል ጥቁሯን ተከናንባ ከፍራሹ ላይ ተቀምጣ ነበር። የባሏ የዳኘው ሳልስት ገና አልወጣም። ከሚሠራበት ፋብሪካ የማታ ተረኛ ሆኖ ሊገባ በሩ ላይ ሲደርስ ልቡ ከዳው፤ በቃ፣ እንዲያ ነው የሄደው። ሰባታሚት ያለው ግቢያቸው ጠባብ ስለሆነ የእድሩ ድንኳን ደጁን ሞልቶ ነው የተተከለው። የዳኘው ነጭ ኮሮላ ተገፍቶ ከማንጎው ሥር ቆሟል።

አሮጊቷ የልጅ ልጃቸውን የኪዲን ትከሻ ተደግፈው ገቡ። ኪዲን ዳኘው የወለዳት ከመጀመሪያ ሚስቱ፣ ከአሮጊቷ ልጅ ከእናትዓለም ነው። እናትዓለም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ልጅቱን በወለደች በወሩ ነው ያረፈች። ሕፃኗን እማማ የሺአረግ ወሰዷት፣ ሐሙሲት አሳደጓት፤ አሁን ኮሌጅ የገባች ቆንጆ ሆናለች። ሴቶቹ ገና ሲያይዋት ለቅሷቸውን እንደ አዲስ ጀመሩት። ግንባሯ፣ ጥርሷ፣ አንገቷን ዘንበል የምታደርገው ነገር፣ ቁርጥ እናትዓለም እየተባለ ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው ተንሾካሾከ።

ለቅሶው ጋብ ሲል አሮጊቷ የልጅቱን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አይዞሽ ልጄ። አባትሽ የትም አልሄደ። ወደ እናትሽ ነው የሄደ። ይኸው ዛሬ ተገናኙ።»

ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ተገናኙ፣ እውነት ነው፣ ተገናኙ አሉ። ማንም ክፉ አላሰበም። አባትና እናት ያጣችን ልጅ ከዚህ ሌላ በምን ያጽናኗታል? የብርጓል ግን እዚያው እጅ በሚደርስበት ቦታ ተቀምጣ ነበር። ያበሰለች፣ ያበላች፣ ሸሚዙን የተኮሰች፣ አሥር ዓመት የለፋች ሚስት። አንድም ዓይን ወደ እሷ አልዞረም። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገችና በሆዷ እንዲህ አለች፦ እሱ ከእሷ ጋር ከተገናኘ፣ ታዲያ እኔ የማን ሚስት ነኝ?

በሞተች ሴት መቅናት ክፉ ነገር ነው። ደጃፏ ሄደው አይሰድቧት፣ በገበያ መሀል አይገላምጧት። አታረጅም፣ አትወፍርም፣ ወጥ አታሳርር። ባል ሲያኮርፍ እሷ ጋ የሄደ ይመስላል፤ ሲስቅም እሷን አስታውሶ የሳቀ ይመስላል። የብርጓል ይህን ማንም ሳይነግራት ተምራዋለች። የተማረችውም በዚያ ነጭ ኮሮላ ውስጥ ነው።

በተጋቡ ሰሞን ነው። ዳኘው ልጁን ለማየት በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ሐሙሲት ይሄድ ነበርና የብርጓልም አብራው ተሳፈረች። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የተገጠመለት ቴፕ ነበረው፣ ካሴት የሚጎርስ፣ ቁልፎቹ ከመነካት ብዛት የነጡ። ዳኘው ሐሳብ ይዞት ሳለ እጁ ቴፑ አፍ ላይ የነበረውን ካሴት ገፋ አደረገው። አንዲት ሴት ከት ብላ ሳቀች። «ኧረ አንተ አጥፋው! ወጡን ላማስልበት!» አለች። ዳኘው ፍም እንደ ነካው ሰው ተጣድፎ ዘጋው።

ማናት ብላ ጠየቀችው።

«የኪዲ እናት» አለ። መቅጃ ያለው የቤት ቴፕ የገዛ ዕለት ሲሞክረው የቀዳት ነው። ሐሙሲት እስኪደርሱ ሌላ ቃል አልተናገረም፤ እሷም አልጨመረች።

ከዚያ ወዲህ ግን ዓይኗ ሥራ አላጣም። ጠዋት ሞተሩን ሲያሞቅ መስኮቱን ዘግቶ፣ ራሱን ወደ በሩ ድምፅ ማጉያ ዘንበል አድርጎ ታየዋለች። ከኩሽናው መስኮት ሆና ከንፈሩ ፈገግ ሲል ታያለች። ድምፁ አይሰማትም፤ ያልሰማችውን ሳቅ ግን ቀኑን ሙሉ ስትሰማው ትውላለች።

ቀጥታ መናገር አልሆነላትም። ሟች ላይ ቀናሁ ብሎ ነገር አለ? ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ሄደች። ሰው ሁሉ ከስልኩ ዘፈን የሚያጫውት አዲስ ቴፕ አስገጥሟል፣ እኛ ምን ይዘን ነው ከጣና ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለን የሞተር ድምፅ የምናዳምጥ፣ አለችው። ዳኘው እንቢ አለ። ከመኪናው ጋር የመጣ ነው፣ ከነቀሉት ዳሽቦርዱ ድሮ እንደነበረው አይገጥምም አለ። አንድ ዓመት ነዘነዘችው፤ ነቅነቅ አላለም። እሷም የፈራችውን እውነት አድርጋ ያዘችው። የሚጠብቀው ቴፑን አይደለም፣ ሴትዮዋን ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ግን መኪናውን ከጎረቤታቸው ከቴፕ ጠጋኙ ከጋሽ ገድሉ ሱቅ አምጥቶ ከደጅ ጥሩምባ አሰማ። ስትወጣ ከቴፑ ሥር አንድ ጥቁር ቀጭን ገመድ ወጥቶ ተንጠልጥሏል፣ ጫፉ ስልክ ላይ የሚሰካ። «ነይ ግቢ፣ ስልክሽን ያዢ» አላት። ወደ ጣና ዳር ነዳ። ታንኳ ቀዛፊዎቹ ወደ ዳር በሚመለሱበት ሰዓት መኪናውን ወደ ሐይቁ አዙሮ አቆመና መጀመሪያ ካሴት ገፋ አደረገ።

ካሴቱ ለምን አለች። ካሴት ካልጎረሰ ቴፑ ስልኩን አይሰማም፣ ገድሉ ነው ያለኝ አላት። ቀጥሎ ገመዱን ሰጣት። ሰካችው፤ የምትወደው ዘፈን ከአራቱም በር ወጣ። የብርጓል ያን ቀን እንደ ልጅ ሆነች። በእጇ ጉልበቷን እየመታች ዘፈነች፤ ዳኘውም መሪውን በጣቱ እየጠበጠበ አጀባት። የትዳሯ ምርጥ ሰዓት የቱ ነው ብትባል እስከ ዛሬም ያ ነው።

ቤት ሲደርሱ ካሴቱ ተገፍቶ ወጣ። ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «እናትዓለም» ይላል።

ለካ ያን ሁሉ ስትዘፍን ያቺ ሴት ከሥሯ ስትዞር ነበር። ለካ የእኔ ዘፈን እሷ ቀድማ ካልገባች አይወጣም፣ አለች በልቧ። ከዚያ ቀን ወዲያ ስልኳን ከቦርሳዋ አላወጣችም። ዳኘው ሁለት ሦስት ጊዜ ገመዱን ዘረጋላት፣ ዝፈኚበት እንጂ አላት፤ ራሴን አሞኛል አለችው። ኋላ ገመዱን ጠቅልሎ የዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። አልጠየቃት፣ አልነገረችው። በዝምታ ሐሙሲት ይሄዳሉ፣ በዝምታ ይመለሳሉ። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

በቀብሩ ማግስት የመኪናውን ወረቀት ላውጣ ብላ ገባችና ካሴቱን ከቴፑ አውጥታ ጡቷ ሥር ሸሸገችው። ሐዘኑ ሲያበቃ ሐይቁ ውስጥ ልትጥለው ቆርጣለች። ከሰማይ ቤት ተገናኝተው ከሆነ፣ እዚህ ምድር ላይ እንኳን ይለያዩ።

ኪዲ በመጣች ማግስት ነው፣ እንግዳ ሳሳ ባለበት ሰዓት፣ ልጅቱ ፍራሹ አጠገብ በርከክ ያለችው። ለማንም እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እትዬ፣ አባዬ ከመኪናው ውስጥ የእናትሽ ድምፅ አለ ይለኝ ነበር። ቴፑን አሠርቼ አንድ ቀን አሰማሻለሁ እያለ ነው የሄደ። እኔ ድምጿን ሰምቼ አላውቅም። ካሴቱን አይተሽዋል?»

የካሴቱ ጠርዝ የብርጓልን ጎኗን ወጋት።

«አላየሁም» አለች።

ልጅቱ አልተከራከረች፣ ፊቷንም አላጠቆረች። እሺ እትዬ ብላ ተነሣችና ለእንግዶቹ ውኃ ልታዞር ሄደች። የብርጓል ትጨቃጨቀኛለች ብላ ተዘጋጅታ ነበርና ያ «እሺ» አንገበገባት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ብርጭቆ የምትሰጥበትን ሁኔታ አየች፤ አሁንም ቀናች። ይህች ልጅ እንኳን የእናቷ ፊት ናት። እኔ ምን አለኝ?

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ጋሽ ገድሉ የእድሩን ትርፍ አግዳሚዎች ሊያነሡ መጡ። የብርጓል ሐዘኑ እስኪያበቃ መጠበቅ አቅቷት ጠራቻቸውና በቀስታ ካሴት ላይ ያለ ድምፅ በምን ይጠፋል ብላ ጠየቀች። ሰውዬው አግዳሚውን አስቀምጠው አጠገቧ ተቀመጡ።

«የዳኘው ካሴት ከሆነ ምን ያስለፋሻል። ድሮ ዝም አሰኝተነው የለም?»

አልገባትም። ጋሽ ገድሉ በጣታቸው አፈሩ ላይ እየሠመሩ አስረዷት። የዚያ ቴፕ ድምፅ የሚገባበት ሌላ በር የለውም፤ ስልክ እንዲሰማ ከተፈለገ በካሴቱ መንገድ ማስገባት ነው። ካሴት ሲጎርስ መንገዱ ይከፈታል። ግን ካሴቱም ስልኩም እኩል ከተናገሩ ይደበላለቃል። ስለዚህ አንዱ መቆረጥ አለበት።

«እኔ ስዊች ላድርግለት አልሁት። አንድ ጊዜ ወደ ካሴቱ፣ አንድ ጊዜ ወደ ስልኩ። ሥራው የአንድ ሰዓት ነው፣ የማስከፍልህም የለም አልሁት። እንቢ አለ።»

«ለምን?»

«ስዊች ካለው እጄ ወደ ካሴቱ ይሄዳል አለኝ። ቁረጠው ገድሉ፣ ባለቤቴ ትዘፍንበት አለ። ቆረጥሁት። ያን ጊዜ ባዶ ካሴት ፈልገን አጣን፤ ያው እሱው ዝም ብሎ ይዙር አለ። ከዚያ ወዲህ ያቺን ሴት አንድም ቀን አልሰማት።»

የብርጓል ጠዋት ጠዋት ሞተሩን ሲያሞቅ አሰበችው። ገመዱ ከገባ ወዲህ መስኮቱ ክፍት ነበር፤ አዎ፣ ክፍት ነበር፣ ራሱም ቀጥ ያለ። እያየች ልብ አላለችውም። መከታተሉን ያኔ ትታው ነበር፣ ፊቷን አዙራ።

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?» አለች፣ ድምጿ ተሰብሮ።

ጋሽ ገድሉ አፈሩን ተመለከቱ። «አንቺስ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?»

ያን ጊዜ ነው እውነተኛው ለቅሶ የመጣላት። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ያለቀሰችው ለካ ቁጣ ነበር። ባሏ ለእሷ ብሎ አንዲትን ሴት ሁለተኛ ቀብሯል፤ እሷ ደግሞ ልትበቀለው እንደምትፈልግ ሰው ዓመታቱን በኩርፊያ ፈጀችው። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትንሰቀሰቅ ጀመር። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሴቶች አሁን ገና ሐዘኑ ገባት ተባባሉ።

ስትረጋጋ፣ መልሰው ሊቀጥሉት ይችሉ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ይቻላል አሉ፤ በሱቃቸው የነበሩትን ቴፖች ለዕቃ ፈታተው ጨርሰዋቸዋልና ከዚህ ሌላ ካሴት የሚያዞር አያውቁም። ግን ያንቺ ገመድ ይነቀላል። ወይስ አሁን ስዊቹን ላድርግለት?

«አይ» አለች። «እሱ አልፈለገውም። ለእኔ ያደረገውን አውቄዋለሁ፣ ይበቃኛል። ለልጅቱ መልሱላት።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጋሽ ገድሉ የሽቦ መበየጃ ካውያቸውን ከቤት በተዘረጋ የመብራት ገመድ አግለው ከማንጎው ሥር ኮሮላው ውስጥ ተጎንብሰው ሠሩ። የብርጓል አጠገባቸው ቆማ ጥቁሩን ገመድ ሲነቅሉት አየች። ወደ መሬት ሊጥሉት ሲሉ እጇን ዘረጋች፤ ሰጧት፤ አልጠየቋትም። ከዚያ ኪዲን አስጠራቻት።

ካሴቱን ከጉያዋ አውጥታ ሰጠቻት። «አይቼው ነበር» አለች። «ዋሸሁሽ።»

ልጅቱ ካሴቱን አየች፣ ሰማያዊውን ጽሑፍ አየች፣ የብርጓልን አየች። ከፊት ወንበር ገባች፤ የብርጓል ክፍቱ በር ላይ ቆመች። ካሴቱ ገባ። መጀመሪያ ሽው የሚል ድምፅ፣ ድስት ሲጋጭ፣ ከዚያ ሳቅ። «ኧረ አንተ አጥፋው! ወጡን ላማስልበት!» ቀጥላም ሴትዮዋ ሥራዋን እየሠራች በአፍንጫዋ ታንጎራጉር ጀመር፣ ማንም እንደማይሰማት ሆና።

ኪዲ አፏን በመዳፏ ያዘች። ከድንኳኑ ሰዎች ዞሩ፤ ለቅሶ ቤት ደግሞ ምን ዘፈን ነው የሚል ጉርምርምታ ተሰማ። ልጅቱ ደንግጣ ድምፁን እስኪጠፋ ድረስ ቀነሰችው። ግን እማማ የሺአረግ ከአግዳሚው ተነሥተው ነበር። ከድንኳኑ አፍ ላይ፣ ምሰሶውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ወደ ማንጎው አንገታቸውን አስግገው ቆመዋል። ሰምተዋል፤ ግን አላመኑም።

የብርጓል ቅናቷ አልሞተም፤ ያ ሳቅ አሁንም ያምር ነበር። ሆኖም በልጅቱ ላይ ጎንበስ ብላ እጇን አሳለፈችና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችው።

እናንተ ልጆቼ፣ ነገ ሥራ ይዟችሁ ይህን ሁሉ ብትረሱ አልቀየማችሁም። ያቺን ድምፁን ከፍ ያደረገች እጅ ግን አደራ፣ እሷን አስታውሱልኝ።